የካራቴ ዋስ

ለካራቴ ትምህርት ዋስ የጠየቀ አስተማሪ ከእሱ በፊትም ከእሱ በኋላም አላጋጠመኝም። ከደሴ የመጣ ቀጭን የስፖርት አስተማሪ ነበር። ሐይቅ ከተማ፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አሰለፈንና፣ «እኔ የማሠለጥነው እጅና እግራችሁን ነው። ነገ ሰው ላይ ብታነሡት የምጠይቀው ያስፈልገኛል። ዋስ አምጡ። ዘመድ ግን አይሆንም» አለን። ሠላሳ እንሆን ነበር። ሌሎቹ ማንን ዋስ እንደሚጠሩ ማሰብ ጀመሩ፤ እኔ ዋሱ ለምን እንደተፈለገ ማሰብ ጀመርኩ።

ጊዜው ብሔራዊ ውትድርና በየዙሩ ወጣት የሚለቅምበት ጊዜ ነበር። ስም የሚጻፍበት ወረቀት ሁሉ ያስፈራ ነበር። ለስኳር ራሽን የቤተሰብ ቁጥር ሲመዘገብ እንኳ የወንድ ልጁን ዕድሜ ሁለት ሦስት ዓመት የሚቀንስ አባት ሞልቶ ነበር። እኔ አባት አልነበረኝም፤ እናቴ ናት በርበሬ ነግዳ ያሳደገችኝ። ለእሷም አንድ ልጅ ነኝ። እናቴ ሰው የሚያመጣውን ነገር ሁሉ፣ ሰላምታውን ሳይቀር፣ አገላብጣ ሳታይ አትቀበልም። «ጠርጥር፤ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት ከጡቷ ጋር ነው ያጠባችኝ። ስለዚህ ጠርጣራነቴን እንደ ነውር አይቼው አላውቅም። የቤት ንብረት ነበር።

የዋሱን ነገር ስነግራት የምትለቅመውን በርበሬ አስቀምጣ አየችኝ።

«ዋስ የሚጠራው ለሌባ ነው፤ ኸዚያ ካለፈም ለእስረኛ ነው። አንተ ምን ሁነህ ነው የምትጠራው? ወላሂ፣ ይኸ ነገር ደግ አይመስለኝም።»

ለእኔም ደግ አልመሰለኝም። ካራቴውን ግን ፈልጌዋለሁ። ደሴ ሄጄ ሲኒማ ካየሁበት ዕለት ጀምሮ ግንብ ባየሁ ቁጥር የምራገጥ ሆኜ ነበር። ስለዚህ እየጠረጠርኩም ቢሆን አጥር ተሻግሬ የኔታ ዘንድ ሄድኩ።

የኔታ ጎረቤታችን ናቸው። ደጃቸው ላይ ለክርስቲያኑ ልጆች ዳዊት ያስተምራሉ። አባቴ ሲሞት ከእስላሙ ቀባሪ ኋላ መቋሚያቸውን ተደግፈው እስከ መጨረሻው የቆሙ ሰው እንደሆኑ እናቴ ደጋግማ ነግራኛለች። ከሰው ሁሉ ያልጠረጠረችው እሳቸውን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የመጣሁበትን ስነግራቸው ሳቁ።

«ዳዊት ላስተምርህ ብልህ እሺ አትል፤ ርግጫ ለመማር ዋስ ሁነኝ ትላለህ። ሰው ስትመታ እኔ ልመታ ነው እንግዲህ?»

«አልመታም፣ የኔታ።»

«አብሽር፣ እሆንሃለሁ» አሉ። በማግሥቱ አዳራሹ ድረስ መጡ። መምህሩ ሌላው ሽማግሌ እንዳደረገው በአውራ ጣታቸው እንዲፈርሙ ቀለም ሲያቀርብላቸው፣ «ጣቴ መጻፍ ያውቃል» ብለው ብዕሩን ተቀበሉና ስማቸውንና የቤት ቁጥራቸውን በዚያ በገዳም በተማሩት ጽሕፈት ቁጭ አደረጉት። ጥቁር ሽፋን ያለው መዝገብ ነበር። የእኔ ስም፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፤ ከጎኑ የየኔታ ስም፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር።

የመጀመሪያው ቀን መምህሩ ጥሩ ተማሪ ማለት ምን እንደሆነ ነገረን። ጥሩ ተማሪ ሰዓት ያከብራል። ሲታዘዝ ለምን አይልም። ሲደክመው አይቀመጥም። የተማረውን መንገድ ላይ አያሳይም። ከሁሉም በላይ ግን መውደቅ ያውቃል። እኔ በልቤ ቆጠርኩ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ የወታደር ጠባይ ናቸው፤ አምስተኛው ደግሞ የወታደር መጨረሻ ነው ብዬ ለራሴ ተረጎምኩት።

ከዚያ ለእሱ ጎንበስ ብለን ሰላምታ እንድንሰጥ አዘዘ። ክርስቲያኖቹ ጎንበስ አሉ። እኛ እስላሞቹ ቀጥ ብለን ቀረን። አንዱ፣ «መምህር፣ እኛ ሩኩዕ የምናደርገው ለአላህ ነው» አለ። መምህሩ ትንሽ አሰበና፣ «እንግዲያው ሁላችሁም እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጉ፤ ይበቃል» አለ። ክፍሉ በሙሉ ወደደው። እኔን ግን ይህም አጠራጠረኝ። እንዲህ በቀላሉ እሺ የሚል የመንግሥት ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

መውደቅ የሚሉት ትምህርት እንደሚከተለው ነው። ጭድ የተጠቀጠቀባቸው ጆንያዎች መሬት ላይ ይነጠፋሉ። ጓደኛህ ክንድህን ይዞ በጀርባው ያዞርሃል፤ አንተ ሰውነትህን ለቀህለት ትወድቃለህ። ስሙ ካራቴ ይባል እንጂ መምህሩ ከየትም ከየትም የቃረመውን ነበር የሚያስተምረን። የእኔ የልምምድ ጓደኛ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነበር፤ ጠዋት ከአባቱ ጋር መረብ ስቦ፣ እግሩ ሳይደርቅ፣ ከሁላችንም ቀድሞ አዳራሹ በር ላይ ይገኛል። እኔ ስጥለው እንደ እርጥብ ጨርቅ ጥቅልል ብሎ ይወድቅና እየሳቀ ይነሣል። የእኔ ተራ ሲደርስ ግን ግንድ እሆናለሁ። ክንዴን ሲይዘኝ ለምን እዚህ ላይ ያዘኝ እላለሁ፤ ሲያነሣኝ መሬቱን በዓይኔ እፈልጋለሁ።

«ስጠው» ይለኛል መምህሩ። «ክብደትህን ስጠው። ጓደኛህ ይይዝሃል። እሱ ቢስት ጭዱ አለ።»

በሁለተኛው ወር ላይ፣ እየወደቅኩ ሳለ እጄን ዘርግቼ መሬቱን ልደገፍ አልኩና የቀኝ እጄ አንጓ ቀጭ አለ። ጓደኛዬ ራሱ እጁ የተሰበረ ያህል ደነገጠ። ወጌሻው አሸት አሸት አደረገና በሐይቁ ሸምበቆ አስሮልኝ፣ ሳልፈታው እንድቆይ አዘዘኝ። እኔ ወጌሻውንም ጠረጠርኩ፤ አጥብቆ ያሰረው ሊያበላሸው ነው ብዬ ከቀጠሮው በፊት ፈታሁት። አንጓዬ እስከ ዛሬ ጠማማ ነው። ማንንም አልከስም።

መምህሩ ሊጠይቀኝ ብርቱካን ይዞ ቤታችን መጣ። ተቀመጠ፣ አጽናናኝ፣ ከዚያ ወደ እናቴ ዞር ብሎ፣ «ሌላ ወንድ ልጅ አለዎት?» አላት።

«አንድ እሱ ነው» አለች እናቴ፤ ፊቷ ግን ጠቆረ። ከሄደ በኋላ እኔም እሷም አንድ ነገር ነበር የምናስበው፤ ለውትድርና እየቆጠረን ነው። ብርቱካኑ ሁለት ቀን ሳይነካ ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ነገር ሁሉ ይገጣጠምልኝ ጀመር። መምህሩ ልምምድ ባለቀ ቁጥር መዝገቡን ከፍቶ በእርሳስ ከየስማችን ጎን አንዳች ነገር ይጽፋል። አንድ ቀን ካኪ የለበሰ የማናውቀው ሰው መጥቶ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አየን፤ ሲወጣ መምህሩ መዝገቡን አሳየው። በሳምንቱ አዲስ ዙር ሊጀመር ነው የሚል ወሬ መጣ። ዋሱ ለምን እንደተፈለገ የዚያን ጊዜ ገባኝ። ልጁ የሸሸበትን አባት ቀበሌ ይዞ እንደሚያስር ከውጫሌ እስከ ሐይቅ የማያውቅ አልነበረም። እኔ ብሸሽ የሚታሰር አባት የለኝም። አሁን ግን የቤት ቁጥር ያለው ዋስ አለኝ። በራሴ እግር ሄጄ፣ የኔታን እየሳቁ፣ በሚያምር ጽሕፈት አስፈርሜያቸዋለሁ።

ሌባ የሆንኩት በዚህ ምክንያት ነው። ተማሪዎቹ ለሩጫ ወደ ሐይቁ ዳር ሲወርዱ፣ እጄ ያን ጊዜ ገና ታስሮ ስለነበር እኔ አዳራሹ ውስጥ እቀር ነበር። መምህሩ ቦርሳውን ያስቀምጥልኝና፣ «ጠብቅልኝ» ይለኛል። ያን ቀን ጠበቅኩለት። እንዳስተማረን ትንፋሼን ዋጥኩ፣ የመጨረሻው እግር ኮቴ እስኪጠፋ ታገሥኩ፣ አንዴ ብቻ ተነሥቼ በአንድ እጄ መዝገቡን መዝዤ ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት። ካስተማረኝ ሁሉ በደንብ የሠራሁት ይህን ነው።

ቤት ገብቼ አነበብኩት። ከዓሣ አጥማጁ ልጅ ስም ጎን «ያምናል፤ ይማራል» ይላል። ከእኔ ጎን «መውደቅ ይፈራል። ዋሱ ጥሩ ሰው ነው» ይላል። ዋሴ ጥሩ ሰው መሆናቸው ለካራቴ ምን ያደርጋል? በዚያ ዘመን ለጠየቀ ሰው መልሱ አንድ ነበር፤ ጥሩ ሰው ከሆኑ ልጁ ሸሽቶ አያሳስራቸውም ማለት ነው። መዝገቡን የእናቴ በርበሬ ጆንያ ሥር ቀበርኩት። ለእሷም አልነገርኳት።

መምህሩ በማግሥቱ መዝገቡ እንደጠፋ ነገረን። ማንንም ለይቶ አላየም። እኔንም አላየኝም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ቀበሌ ጠሩትና በዚያው አስቀሩት። ነገሩን ከጓደኛዬ ሰማሁ። ለካ የቀበሌው ሊቀ መንበር ትምህርቱን የፈቀደው እያንዳንዱ ወጣት ተጠያቂ ዋስ ይኑረው ብሎ ነበር። በሰሜን ሽምቅ ውጊያ ባለበት አገር ወጣት ሰብስቦ ድብድብ ማስተማር ቀላል ነገር አይደለም። አሁን ከአውራጃ ሰዎች መጥተው፣ «እነማንን ነው የምታሠለጥነው? ለማን?» ሲሉት የሚያሳየው መዝገብ አጣ።

መልሼ ልሰጥ እችል ነበር። ጆንያውን ገፋ ማድረግ ብቻ ነበር የሚቀረኝ። ግን የጠርጣራ አእምሮ መልስ አያጣም። መታሰሩ ራሱ መዝገቡ እንዲወጣ የተሠራ ዘዴ ቢሆንስ? አልኩ። ቁጭ አልኩ። ሰውየው ጥፋት ሳይኖርበት የቀበሌው ግምጃ ቤት ውስጥ እንደተኛ ልቤ ያውቅ ነበር፤ አፍሬም ነበር። እያፈርኩ ቁጭ አልኩ።

መምህሩ በታሰረ በሦስተኛው ቀን የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። እየዞሩ ሌሎቹን ዋሶች ጠሯቸው፤ ሼኹን፣ ልብስ ሰፊውን፣ ጨው ነጋዴውን። የቻሉት ሁሉ የቀበሌው በር ላይ ተሰበሰቡ። እኔ ከመንገዱ ማዶ ከሰው ጋር ቆሜ አያለሁ። ሊቀ መንበሩ ሲወጣ የኔታ ጀመሩ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ መዝገቡ ቢጠፋ እኛ አልጠፋንም። ዋስ ሰው ነው እንጂ ወረቀት አይደለም። የበርበሬ ነጋዴዋ ልጅ ዋስ እኔ ነኝ። ቤቴ ኸአጥራቸው ሥር ነው።»

ሼኹ ቀጠሉ፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው። የቀበሌው ጸሐፊ በአዲስ ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ጻፈው። መምህሩ ከሰዓት በኋላ ተፈታ። ሰው ሁሉ ደስ አለው። እኔ የጸሐፊውን እጅ ነበር የማየው። የሰረቅኩት መዝገብ ከመምህሩ እጅ ወጥቶ ቀበሌ አይገባም ነበር፤ ማንበብ የማይወደው ሊቀ መንበራችን ከሽፋኑ አልፎ እንዳላየው በኋላ ሰማሁ። እኔ በመስረቄ ግን የኔታ በገዛ አፋቸው፣ በአደባባይ፣ የእኔ ተጠያቂ ነኝ ብለው በቀበሌው ወረቀት ላይ ተጻፉ።

መምህሩ ብዙ ሳይቆይ ወደ ደሴ ተመለሰ። የት እንደደረሰ አላውቅም።

ዙሩ ሲመጣ ሸሸሁ። ኬላውን በእግሬ ዞሬ፣ ከውጫሌ በላይ አምባሰል ገደል ሥር የእናቴ ወንድም ዘንድ ገባሁ። አጎቴ ማሽላ ጠባቂ አደረገኝ። ማማ ላይ ተቀምጬ በወንጭፍ ወፍ እያባረርኩ ከታች የሚመጣውን ሰው ሁሉ እሰልላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ገበያተኛ መጣችና፣ «እናትህ ና ብላሃለች። የኔታን ባንተ ምክንያት አስረዋቸዋል» አለችኝ።

አላመንኳትም። እናቴን አስገድደው ያስላኳት ነው አልኩ። ሴትዮዋም ስታወራ ዓይኔን አላየችኝም አልኩ፤ እኔ ማማ ላይ ሆኜ፣ ፀሐይ ፊቷ ላይ ወድቆባት፣ እንዴት ብላ ልታየኝ እንደምትችል ሳላስብ። ወፍ ማባረሬን ቀጠልኩ። አሥራ አንድ ቀን አለፈ። እነዚያን አሥራ አንድ ቀናት ማንም አልቆጠረብኝም፤ እኔ ግን እቆጥራቸዋለሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እናቴ ራሷ መጣች። ያን ሁሉ ዳገት በእግሯ ወጥታ ማማው ሥር ቁጭ አለች። ውሃ እንኳ አልጠየቀችኝም።

«ሽሮ ነው የማመላልስላቸው» አለች። «ጾማቸው ነው፤ ሽሮ ደግሞ የእስላም የክርስቲያን የለውም። ጉልበታቸው አብጧል። መሬት ላይ ነው የሚያስተኟቸው።»

ወንጭፉን አስቀመጥኩ።

«ሁሉንም ጠርጥር ብዬሃለሁ፣ ልጄ። አልዋሽም፣ ብዬሃለሁ። እኒያን ሰውዬ ግን ጠርጥር አላልኩህም።»

«እሳቸውን መቼ ጠረጠርኩ?»

«ታስረዋል ሲሉህ ካላመንህ ምን ልበለው?» አለች። ከዚያ አለቀሰች። አንድ ልጇን ወደ ጦር ልትወስድ እንደመጣች ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ። ከማማው ወረድኩ። ያንኑ ዳገት አብረን ወደ ሐይቅ ወረድን።

ምልምሎቹ የሚመረመሩት በዚያው በእኛ አዳራሽ ነበር። የጭድ ጆንያዎቹ ጥግ ላይ ተቆልለዋል። እጄን ሰጠሁና ሰልፍ ገባሁ። ጓደኛዬ፣ የዓሣ አጥማጁ ልጅ፣ ምርመራውን ካለፉት ሰልፍ ውስጥ ቆሞ አየሁት። ሲያየኝ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። እኔም አደረግኩ። ሐኪሙ ቀኝ እጄን ይዞ አጠማዘዘና፣ «ይህ ጠብመንጃ አይዝም» ብሎ ወደ ውጭ ገፋኝ። እንግዲህ ጥሩዎቹ ተማሪዎች፣ ሰዓት የሚያከብሩት፣ መውደቅ የሚያውቁት ሄዱ፤ ሰው አላምንም ብዬ ያጠመምኩት እጅ እኔን አስቀረኝ። ጓደኛዬ አልተመለሰም። አባቱ ሐይቁ ዳር ብቻውን መረብ ሲስብ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር።

የኔታን ያን ዕለት ቀትር ላይ ለቀቋቸው። የቀበሌው በር ላይ ጠበቅኳቸው። ከስተዋል፣ መቋሚያቸውን ወስደውባቸዋል። ክንዴን ያዙና ወደ ቤት መሄድ ጀመርን። ምንም አልጠየቁኝም። መንገዱን ስናጋምስ፣ «መዝገቡን የሰረቅኩት እኔ ነኝ፣ የኔታ» አልኳቸው።

ክንዴን ይለቁታል ብዬ ነበር። አለቀቁትም።

«ለምን?»

«እርስዎን እንዳይዙብኝ።»

ጥቂት እርምጃ ሄድን። «ምን ይላል ውስጡ?»

«ስለ እኔ መውደቅ ይፈራል ይላል።»

«እሱ እውነት ነው። ስለ እኔስ?»

«ዋሱ ጥሩ ሰው ነው ይላል።»

ቆሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩኝ። «እንዲህ ብሎ የጻፈውን ሰው ነው የጠረጠርኸው?» አሉኝ።

አጥራችን ዘንድ ስንደርስ ያበጠው ጉልበታቸው ከዳቸው። «ያዘኝ» አሉና መሬቱን ሳያዩ፣ እጃቸውን ሳይዘረጉ፣ ክብደታቸውን በሙሉ ለቀቁብኝ። በሁለት እጄ ያዝኳቸው። አንጓዬ ክፉኛ አመመኝ፤ አልለቀቅኳቸውም።